የአነስተኛ ንግድ ድረ ገጽ አሠራር

የአነስተኛ ንግድ ድረ ገጽ ማለት አንድ ሱቅ፣ የእጅ ሙያ ሥራ ወይም አነስተኛ ድርጅት ማንነቱን፣ የሚሸጠውን ዕቃ ወይም የሚሰጠውን አገልግሎት፣ ዋጋውን፣ የሚገኝበትን ቦታና የሚታዘዝበትን መንገድ በበይነ መረብ የሚያሳውቅበት አንድ ገጽ ወይም የጥቂት ገጾች ስብስብ ነው። ለአብዛኛው አነስተኛ ንግድ ከአንድ እስከ አምስት ገጽ ይበቃል። እንዲህ ያለውን ድረ ገጽ ፕሮግራም መጻፍ ያልተማረ ሰውም በጥቂት ቀናት ሊሠራው ይችላል። ጀማሪዎች ክፉኛ የሚጎዱት በገጹ አሠራር ሳይሆን አድራሻው በማን ስም እንደተመዘገበ፣ የይለፍ ቃሉ በማን እጅ እንዳለና የዓመቱ ክፍያ መቼ እንደሚያልቅ ባለማወቅ ነው። የጠፋ ገጽ እንደገና ይሠራል፤ ሌላ ሰው እጅ የገባ አድራሻ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም።

ከዚህ በታች ለምሳሌ የሚወሰደው በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ እያሰፋ የሚሸጥ ትንሽ ሱቅ ነው። ከደንበኞቹ ከፊሎቹ ራሳቸው መጥተው ጥለቱን በእጃቸው ዳስሰው የሚገዙ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ለሠርግ ወይም ለበዓል ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭና ከዱባይ የሚያዝዙ ናቸው።

አመጣጥ

የመጀመሪያውን ድረ ገጽ የሠራው እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ሲሆን፣ ሥራው የተከናወነው በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት ነው። ገጹ እ.ኤ.አ. በ1991 ለውጭ ተጠቃሚዎች ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ደግሞ ድርጅቱ ቴክኖሎጂውን ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ዛሬ አንድ ልብስ ሰፊ ማንንም ሳያስፈቅድ ገጽ ማቆም የሚችለው በዚህ ውሳኔ ምክንያት ነው። የገጹን መልክ ማለትም ቀለሙን፣ የፊደሉን መጠንና አቀማመጡን የሚወስነው ሲኤስኤስ እ.ኤ.አ. በ1996 ደረጃ ወጣለት። በአሁኑ ጊዜ በስፋት የሚሠራበት ዎርድፕረስ የተባለው የድረ ገጽ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 በማት ሙለንዌግና በማይክ ሊትል ተጀመረ።

ለአማርኛ ድረ ገጽ ግን ትልቁ ዓመት እ.ኤ.አ. 1999 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝ ፊደልን በዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ አስገባ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፊደል አዘጋጅ ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር፣ በአንድ ኮምፒውተር የተጻፈ ጽሑፍ ያው ፊደል ባልተጫነበት ሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ድርድር ይሆን ነበር። ችግሩ ፈጽሞ አልጠፋም። ቪዥዋል ግዕዝን በመሳሰሉ የድሮ ፊደላት የተጻፈ የዋጋ ዝርዝር ወይም ማስታወቂያ ገልብጦ ገጽ ላይ ማስቀመጥ ዛሬም ያንኑ ዝብርቅርቅ ያወጣል፤ እንደገና መጻፍ ወይም ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት።

ድረ ገጽና ማኅበራዊ መገናኛዎች

በኢትዮጵያ ብዙ አነስተኛ ነጋዴዎች ያለ ድረ ገጽ በቴሌግራም ቻናል፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ይሸጣሉ፤ ለብዙዎቹም በቂ ነው። በየቀኑ አዲስ ዕቃ የሚያስገባና ደንበኛው ሁሉ ቴሌግራም ላይ ያለ ነጋዴ ድረ ገጽ ቢሠራ ሥራ ከመደረብ በቀር የሚያተርፈው ጥቂት ነው። ድረ ገጽ የሚያስፈልገው ሱቁን ጨርሶ የማያውቅ ሰው በጉግል ፈልጎ እንዲያገኘው ሲፈለግ፣ ወይም ተመሳሳይ ጥያቄ በየቀኑ ሲመጣ ነው፤ «ዋጋው ስንት ነው?»፣ «የት ናችሁ?»፣ «ልኬ እንዴት ይለካል?» ለሚሉት መልሱ አንድ ቦታ ይቀመጣል። ሌላው ምክንያት የባለቤትነት ነው። የማኅበራዊ መገናኛ ገጽ የሚቆመው በሌላ ኩባንያ ግቢ ውስጥ ነው፤ መለያው ከተዘጋ ወይም ከተጠለፈ የዓመታት ተከታይ አብሮ ይሄዳል። በራሱ አድራሻ ላይ የቆመ ገጽ ያለው ነጋዴ ግን ቴሌግራሙን ቢያጣ ደንበኞቹን ወደ አዲሱ የሚመራበት ቦታ አለው።

ሦስቱ ክፍሎች

አንድ ድረ ገጽ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉት፤ ጀማሪዎች እንደ አንድ ነገር ስለሚያዩአቸው ብዙ ችግር ይመጣል። አንደኛው ዶሜይን የሚባለው ስም ነው፤ ደንበኛው የሚጽፈውና በዶት ኮም፣ በዶት ኢቲ ወይም በመሰል መጨረሻ የሚያልቀው አድራሻ ማለት ነው። ሁለተኛው ሆስቲንግ ሲሆን፣ ፋይሎቹ የሚቀመጡበትና ሌሊትና ቀን ክፍት የሆነው ኮምፒውተር ላይ የሚከራይ ቦታ ነው። ሦስተኛው ራሳቸው ገጾቹ ናቸው፤ ጽሑፉ፣ ፎቶዎቹና መልኩን የሚወስኑት ፋይሎች። ሆስቲንግ እንደ ኪራይ ቤት ነው፤ ባለቤቱ ካልተስማማ ዕቃን ይዞ ወደ ሌላ መሄድ ይቻላል፤ ዶሜይኑ በእጅ እስካለ ድረስ ደንበኛው የቤት ለውጡን እንኳ አያውቅም።

ዶሜይን አይሸጥም፤ ለተወሰነ ዓመት በስም ይመዘገባል እንጂ። ዶት ኮም በአብዛኛው በዓመት ከ10 እስከ 20 የአሜሪካ ዶላር ያስከፍላል። የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ በማስታወቂያ በጣም ተቀንሶ የእድሳቱ ዋጋ ብዙ እጥፍ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ፣ ከመመዝገብ በፊት መታየት ያለበት የእድሳቱ ዋጋ ነው። የኢትዮጵያ የሆነውን ዶት ኢቲን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

አድራሻው በማን ስም ነው?

ከኢትዮጵያ ሆኖ ዶት ኮም ለመመዝገብ አብዛኛውን ጊዜ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ ብዙ ነጋዴ ደግሞ ካርዱ የለውም። ስለዚህ ዶሜይኑን የሚገዛው ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እህት፣ አለዚያም ገጹን እንዲሠራ የተቀጠረው ባለሙያ ይሆናል። ይህ በራሱ ክፋት የለውም። ችግሩ ገዢው በራሱ ኢሜይልና በራሱ ስም ማስመዝገቡ ነው። በመዝጋቢው ኩባንያ ፊት የአድራሻው ባለቤት የተመዘገበው ሰው እንጂ በሱቁ ውስጥ የሚሠራው አይደለም፤ መኪናው በእጅ ሆኖ ሊብሬው በሌላ ሰው ስም እንዳለ ማለት ነው። ባለሙያው ስልኩን ቢቀይር፣ በክፍያ ቢጣሉ ወይም ዘመዱ የሚከፍልበት ካርድ ጊዜው አልፎ እድሳቱ ሳይከፈል ቢቀር፣ ነጋዴው ማስጠንቀቂያው እንኳ ሳይደርሰው አድራሻውን ያጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን ከመጀመሪያው ቀን መደረግ አለበት። በመዝጋቢው ዘንድ የሚከፈተው መለያ በሱቁ ባለቤት ስም፣ ባለቤቱ ራሱ በሚከፍተው ኢሜይልና በራሱ ስልክ ቁጥር ይሆናል፤ ዘመድ ወይም ባለሙያ የሚያበድረው ካርዱን ብቻ ነው። ያ ኢሜይል በዚያው ዶሜይን ላይ የተመሠረተ መሆን የለበትም። በሱቁ አድራሻ የተሠራ ኢሜይል ዶሜይኑ ሲያልቅ አብሮ ስለሚዘጋ፣ የይለፍ ቃል ማደሻ መልእክቱ የሚደርስበት ቦታ አይኖርም። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መዝጋት ነው።

የዶት ኮምን የመሰሉ ዶሜይኖች የሚተዳደሩበት አይካን የተባለው ድርጅት ደንብ፣ መዝጋቢው ጊዜው ከማለቁ አንድ ወር ገደማና አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ካለቀም በኋላ በአምስት ቀን ውስጥ ለተመዝጋቢው ማስታወቂያ እንዲልክ ያዛል። ማስታወቂያው የሚሄደው በመዝገቡ ላይ ወዳለው ኢሜይል ነው። ጊዜው ያለፈበት ዶሜይን ወዲያው አይሞትም፤ መዝጋቢው ከሰረዘው በኋላ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለው፤ በዚህ ጊዜ የሚጠየቀው ክፍያ ግን ከመደበኛው እድሳት እጅግ ይበልጣል። ከዚያ አምስት ቀን ቆይቶ ለማንም ክፍት ይሆናል። አንዳንድ መዝጋቢዎች እዚያ ሳይደርስ በጨረታ ይሸጡታል።

ዶሜይኑ አስቀድሞ በሌላ ሰው ስም ከሆነ፣ ግንኙነቱ ሳይበላሽ ማዛወር ይቻላል። አሁን የያዘው ሰው በመለያው ውስጥ ገብቶ የዝውውር ቁልፉን ይከፍታል፤ ሚስጥራዊ የዝውውር ኮድም ይሰጣል፤ አዲሱ ባለቤት ያንን ኮድ በራሱ መዝጋቢ ያስገባል። አዲስ የተመዘገበ ዶሜይን ብዙ ጊዜ ለ60 ቀናት ወደ ሌላ መዝጋቢ አይዛወርም። የዶት ኮምንና የመሰሉትን ዶሜይኖች የሚያልቁበት ቀንና የመዝጋቢው ስም በሕዝብ መፈለጊያ ላይ ስለሚታይ፣ ገጽ አሠርቶ የረሳ ነጋዴ ዛሬውኑ ሊያጣራ ይችላል።

ገጹን መሥራት

ሦስት መንገዶች አሉ። ዊክስን፣ ስኩዌርስፔስንና ጉግል ሳይትስን በመሰሉ አገልግሎቶች ጽሑፍና ፎቶ እየጎተቱ በማስቀመጥ ገጽ ይሠራል፤ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የተሠራው ገጽ ከዚያ ቤት እንዳለ አይወጣም፤ አገልግሎቱን የሚተው ሰው እንደገና ይጀምራል። ዎርድፕረስ በአብዛኛው ሆስቲንግ ላይ ይጫናል፣ ይዛወራልም፤ በምትኩ በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል። በዎርድፕረስ ላይ በተጨማሪነት የሚጫኑ ፕለጊን የተባሉ ቅጥያዎች ሳይታደሱ ሲቀሩ ሰርጎ ገቦች የሚገቡባቸው በሮች ይሆናሉ። አራት ገጽ ላለው ሱቅ ሃያ ፕለጊን መጫን የተለመደ ስህተት ነው።

ሦስተኛው መንገድ ኤችቲኤምኤልን በእጅ መጻፍ ነው። ለጀማሪ አስፈሪ ቢመስልም፣ ለጥቂት ገጽ ከሁሉ የሚቀለውና ለዓመታት ሳይበላሽ የሚቆየው እሱ ነው። የሚያስፈልገው በኮምፒውተሩ ላይ ያለ ኖትፓድ ወይም መሰል መጻፊያ ብቻ ነው። ዋናው ፋይል «ኢንዴክስ» ተብሎ በትንንሽ የላቲን ፊደላት ይሰየማል፤ አድራሻው ሲከፈት የሆስቲንጉ ኮምፒውተር መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። ጽሑፉ ታግ በሚባሉ ምልክቶች መካከል ይቀመጣል፤ አንዱ «ይህ ርዕስ ነው»፣ ሌላው «ይህ አንቀጽ ነው»፣ ሌላው «እዚህ ፎቶ ይግባ» ብሎ ለአሳሹ ይነግረዋል። በፋይሉ ራስጌ አራት ነገሮች መጻፍ አለባቸው። ፊደሉ በዩቲኤፍ-8 የተጻፈ መሆኑ ካልተገለጸ አማርኛው ሊዘበራረቅ ይችላል። የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑ ሲጻፍ የመፈለጊያና የማንበቢያ ፕሮግራሞች ያውቁታል። ገጹ በስልክ ስፋት ልክ እንዲከፈት የሚያዘው መስመር ከተረሳ፣ ሱቁን በስልክ የሚጎበኝ ሰው በጣም ያነሰ ጽሑፍ ያያል። አራተኛው የገጹ ርዕስ ነው፤ በጉግል ውጤት ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው እሱ ስለሆነ «እንኳን ደህና መጡ» ከማለት «የሀገር ልብስ ስፌት፣ ሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ» ማለት ይሻላል።

በእጅ የተጻፉ ገጾችን በነጻ የሚያስቀምጡ አገልግሎቶች አሉ። የእያንዳንዱን ደንብ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ በፕሮግራም ተማሪዎች ዘንድ የታወቀው ጊትሐብ ፔጅስ ለመማርና ለማሳያ እንጂ ንግድ ለማስኬድ እንዲውል አይፈቅድም።

በገጹ ላይ የሚጻፈው

የደንበኛ ጥያቄ አጭር ስለሆነ መልሱም አጭር መሆን አለበት። ስለ ሱቁ ራእይና ተልእኮ የሚተርክ ረጅም ገጽ የሚያነበው የለም። ዋጋ መጻፍ የሚፈሩ ነጋዴዎች ብዙ ናቸው፤ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። መነሻ ዋጋ ጽፎ ከጎኑ የተጻፈበትን ቀን ማስቀመጥ ግን ዋጋ ካለመጻፍ ይሻላል። ለሀገር ልብስ ሱቅ ከሁሉ የሚጠቅመው ገጽ የልክ አወሳሰድ ነው፤ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ትከሻና ቁመት በሴንቲሜትር እንዴት እንደሚለካ በፎቶ የሚያሳይ ገጽ፣ ዱባይ ያለች ሙሽራ በስልክ የምትጠይቀውን ሁሉ ይመልሳል፤ ተሰፍቶ ከተላከ በኋላ የሚመለሰውን ቀሚስም ይቀንሳል።

የሥራ ሰዓት አጻጻፍ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአማርኛ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት» የሚለው በእንግሊዝኛው አቆጣጠር ከ8 እስከ 19 ሰዓት ነው። ቁጥሩ እንዳለ ወደ እንግሊዝኛው ገጽ ወይም ወደ ጉግል ካርታ ከተገለበጠ ሱቁ ከሌሊቱ ጀምሮ ክፍት መስሎ ይታያል። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በክረምታቸው በ8፣ በበጋቸው በ7 ሰዓት ስለምትቀድም፣ «በአዲስ አበባ ሰዓት» የሚል ቃል ማከል ሌሊት ከሚመጣ ጥሪ ያድናል። ቀንም እንደዚሁ ነው፤ ለእንቁጣጣሽ የሚደርስ ትዕዛዝ የሚዘጋበት ቀን በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር መጻፍ አለበት።

አድራሻን በተመለከተ፣ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ለአዲስ አበባ ደንበኛ ብዙም አይነግሩትም። ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ ባንክ ወይም የታክሲ ማቆሚያ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ጽፎ የካርታ ነጥብ ማያያዝ ይጠቅማል። ስልክ ቁጥሩ ሲነካ በቀጥታ እንዲደውል ተደርጎ ይያያዛል፤ ከውጭ ለሚደውሉ እንዲሠራ የመጀመሪያው ዜሮ ወጥቶ በ+251 መጀመር አለበት።

የአማርኛ ጽሑፍ በድረ ገጽ ላይ

የአማርኛ ሆሄያት ድምፅ አንድ ሆኖ መልካቸው ስለሚለያይ ፈላጊው የሚጽፈው ሱቁ ከጻፈው ሊለይ ይችላል። «ፀጉር» ብሎ የሚፈልግ አለ፣ «ጸጉር» ብሎ የሚፈልግም አለ፤ «ሀገር» እና «አገር»፣ «ሠርግ» እና «ሰርግ» እንደዚሁ። አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፉም ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ ሁለቱን አጻጻፍ በተፈጥሯዊ ቦታቸው መጠቀም ፈላጊዎች እንዲያገኙት ይረዳል፤ ቃላቱን በገጹ ግርጌ መደርደር ግን በመፈለጊያዎቹ ዘንድ እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል።

አብዛኞቹ አዳዲስ ስልኮችና ኮምፒውተሮች የግዕዝ ፊደል ተጭኖባቸው ስለሚመጡ፣ ጌጠኛ ፊደል ከገጹ ጋር ማስጫን የግድ አይደለም፤ አንድ የፊደል ፋይል ብዙ መቶ ኪሎባይት ሊደርስ ይችላል። የግዕዝ ሆሄ ከላቲኑ ይልቅ በመስመሮች የተሞላ ስለሆነ በትንሽ መጠን ሲጻፍ «ጨ» እና «ጬ» መለየት ያስቸግራል። ፊደሉን ከፍ፣ በመስመሮች መካከል ያለውንም ክፍተት ሰፋ ማድረግ ይበጃል። ፊደሉን ማዘንበል ለላቲን የተለመደ ቢሆንም ለግዕዝ አያምርም።

የገጹ ክብደት

በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ሆሄ 3 ባይት ይወስዳል፤ አንድ ሺህ ሆሄ ያለው ጽሑፍ 3 ኪሎባይት ገደማ ነው ማለት ነው። ከስልክ ካሜራ በቀጥታ የወጣ ፎቶ ግን በቀላሉ 4 ሜጋባይት ይሆናል፤ አንዱ ቀሚስ ከሺህ ገጽ ጽሑፍ በላይ ይመዝናል። አሥር እንዲህ ያሉ ፎቶዎች ያሉበት ገጽ 40 ሜጋባይት ሲሆን፣ በሞባይል ዳታ የሚከፍተው ደንበኛ ገንዘብ ነው የሚያወጣው። ፎቶው ወደ 1200 ፒክሰል ስፋት ቢቀነስና በጄፔግ ወይም በዌብፒ ቢቀመጥ ብዙ ጊዜ ከ200 ኪሎባይት በታች ይሆናል፤ በስልክ መስታወት ላይ ልዩነቱ አይታይም። ጥለቱን ቀርቦ ማየት ለሚፈልግ ትልቁን ፎቶ ሲነካ ብቻ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል።

ትዕዛዝና ክፍያ

ለጀማሪ የሚሻለው ትዕዛዙን በስልክ ወይም በቴሌግራም ተቀብሎ ክፍያውን በባንክ፣ በቴሌብር ወይም በኤምፔሳ መጨረስ ነው። በገጹ ላይ በቀጥታ ማስከፈል የሚፈልግ ቻፓን በመሰለ የክፍያ አገናኝ በኩል ያደርገዋል። በምንም ዓይነት የካርድ ቁጥር በራስ ቅጽ መቀበል አይገባም። በኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ግብይት የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1205/2012 ሲሆን፣ የደንበኞችን ስም፣ ስልክና አድራሻ የሚሰበስብ ሰው ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ማወቅ አለበት። ልክ አወሳሰዱ ላይ የሚላክ የሰውነት ልክና ፎቶም የግል መረጃ ነው።

ጥበቃና እንክብካቤ

አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ መከፈቱ፣ ማለትም በአሳሹና በገጹ መካከል ያለው መልእክት መመስጠሩ ዛሬ ግዴታ ያህል ሆኗል። የጉግል ክሮም አሳሽ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 ጀምሮ ያለ እሱ የሚከፈትን ገጽ «ደህንነቱ ያልተጠበቀ» ብሎ ያመለክታል። የምስጠራ ማረጋገጫውን ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ተቋም በነጻ ስለሚሰጥ፣ በውድ የሚሸጥለትን ሻጭ መጠራጠር ተገቢ ነው። የገጹ ፋይሎች ሁሉ ቅጂ በፍላሽ ዲስክ ወይም በሌላ ኮምፒውተር ይቀመጣል። ገጹን የሠራ ባለሙያ ሲሰናበት የመዝጋቢው፣ የሆስቲንጉና የገጹ ማስተዳደሪያ ሦስቱም የይለፍ ቃሎች ይለወጣሉ።

ሱቁ ቢዘጋም ዶሜይኑን ለጥቂት ዓመት ማደስ የሚመከርበት ምክንያት አለ። የተተወ አድራሻን ሌሎች እየጠበቁ ይመዘግቡታል፤ ሰው ያምነው የነበረ ስም ስለሆነ ለቁማር ማስታወቂያ ወይም ለማጭበርበሪያ ሱቅ ይውላል። በንግድ ካርድና በልብስ ከረጢት ላይ የታተመው አድራሻ ግን ያው ነው፤ የቀድሞው ደንበኛ በዚያ አድራሻ ገብቶ ለማያውቀው ሰው ሊከፍል ይችላል።